ሲሞቅ የሚሞተው ትራክተር፦ የአንድ ፎርድ 8ኤን ካርቡራተር ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ አሮጌ ፎርድ 8ኤን ትራክተር ነው። ባለቤቱ ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦ አካባቢ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። አገሬው «ሀጂ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ትራክተሩ ማረስ ካቆመ ቆይቷል። ከኋላው ፑሌጃ ተገጥሞለት በቺንጋ የበቆሎ መፈልፈያ ያዞራል። በቡና ሰሞን ደግሞ ተጎታች ይጎትታል።

ሀጂ ችግሩን ሲነግሩኝ ነገር አላስረዘሙም። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። ሰው ቢሆን ወባ ነው ብዬ ጤና ጣቢያ እወስደው ነበር።»

ከዚህ የተሻለ የብልሽት መግለጫ ከደንበኛ ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ባዶውን ሲሠራ ደህና ነው። መፈልፈያው ላይ በቆሎ ሲገባ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ይሄድና ጉልበት ያጣል፤ ያስነጥሳል፤ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። በዚያ ላይ ቆሞ ሲያድር ከካርቡራተሩ፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ዕቃ፣ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ሲሠራም ጥቁር ጭስ ያጨሳል።

እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ጋራዥ አይቶታል። የብልጭታው ዕቃዎች ተነክተዋል፦ ቦቢናው ተቀይሯል፣ ኮንዴንሰሩ ተቀይሯል፣ ካንዴላዎቹም አዲስ ናቸው። ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ «ካርቡራተሩ አልቆለታል፣ የመኪና ካርቡራተር እናስማማለት» ተባለ። ሀጂ እምቢ ያሉት እዚህ ላይ ነው። ደግ አደረጉ። ካርቡራተሩ ጥፋት አልነበረበትም አልልም። ጥፋቱ ግን የተከሰሰበት አልነበረም።

ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል። ፎርድ 8ኤንን ያመረተው እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል።  የሀጂ ትራክተር ዲስትሪቡተሩ፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው፣ ከሞተሩ ጎን ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ 8ኤኖች ዲስትሪቡተር ከፊት ስለነበር ይሄኛው ከ1950 ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቫልቮቹ በጎን ያሉት ነው። ካርቡራተሩ ማርቨል ሼብለር ይባላል። አካሉ ብረት ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚስብ።

ከዚህ ሁሉ ለጉዳያችን ዋናው ሌላ ነው። ይህ ትራክተር የቤንዚን ፓምፕ የለውም። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከሞተሩ በላይ፣ ካርቡራተሩ ከታች ነው። ቤንዚኑን የሚገፋው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ቁልቁለቱም አንድ ሜትር አይሞላም። በመኪና ላይ ፓምፑ ጨቁኖ የሚያልፋት ትንሽ እንቅፋት እዚህ ሞተር ታጠፋለች።

ሲሞት መድረስ

ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ የቤንዚን ሞተር ሁለት ተጠርጣሪ አለው። አንዱ መብራቱ ነው፤ ብልጭታ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ክፍል ማለቴ ነው። ቦቢና ውስጡ ሲደክም ብርድ ላይ ይሠራል፤ ሲግል ብልጭታው ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። ስለዚህ የቀድሞው መካኒክ ቦቢና መጠርጠሩ ስህተት አልነበረም። ሳያይ መቀየሩ ነው ችግሩ። አዲስ ዕቃ ሲገጠም ሞተሩ መቀዝቀዙ አይቀርም፤ ቀዝቅዞ ይነሳል፤ «ተሠራ» ይባላል። ሀጂ ለሦስት ዕቃ የከፈሉት በዚህ መንገድ ነው።

ነገር በዓይን ይገባል። ሞተሩ በሞተባት ደቂቃ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አይሞትም፤ ጭነት የለበትማ። ስለዚህ ሰርቦ ሄድን። በቆሎው ቀረበ፣ ቺንጋው ተወጠረ፣ ሥራ ተጀመረ። የሀጂ ልጅ ፒንሳ ይዞ ከካንዴላዎቹ አጠገብ ቆመ። እኔ ከካርቡራተሩ ሥር ባዶ ጣሳ አዘጋጀሁ። አሸዋም በባልዲ አስቀመጥን፤ የጋለ ሞተርና ቤንዚን ባሉበት አሸዋ ሳይዙ መጀመር ድፍረት አይደለም፣ ጅልነት ነው።

እንደተባለው ያስነጥስ ጀመር። ጠፋ።

ልጁ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል አራቀና ሞተሪኖው (ማስነሻው) ተመታ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ! ብልጭታው ሰማያዊና ወፍራም ነው። መብራቱ ነጻ ወጣ።

እኔ ደግሞ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ። ጤነኛ ከሆነ ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፤ በሁለት ደቂቃ ግማሽ ሊትር ገደማ መስጠት አለበት። የሀጂ ትራክተር መጀመሪያ ደህና ፈሰሰ። ይሄ ካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ከዚያ ቀጠነ፣ እንደ ክር ሆነ፣ ጠብታ ሆነ። ሰልባትዮው ግማሽ ድረስ ቤንዚን አለው።

የሰልባትዮውን ክዳን ፈታሁት። «እፍፍ» ብሎ አየር ሳበ፤ ከሥር ያለው ጠብታ ወዲያው ወደ ክር ተመለሰ። ሀጂ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ታፍኖ ነው እንዴ የሚሞተው?» አሉ።

አዎ፣ ታፍኖ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚን በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። አንድ ሰው ሰልባትዮውን ቀለም ሲቀባ ክዳኑንም አብሮ ቀብቶታል፤ የቀረውን አቧራ ጨርሶታል። ባዶውን ሲሠራ የሚጠጣው ትንሽ ስለሆነ አይታወቅም። ጭነት ላይ ብዙ ይጠጣል፤ ሰልባትዮው ውስጥ የአየር እጥረት ይፈጠራል፤ ቤንዚኑ ወደ ላይ ተስቦ ይቀራል። ሲያርፍ አየሩ በክዳኑ ጠርዝ ቀስ እያለ ይገባል፤ እናም ይነሳል። «ሲበርድ ይነሳል» የተባለው እንዲህ ነው፤ ከብርዱ ይልቅ ዕረፍቱ ነበር የሚያስነሳው።

ግን ክር ሆነ እንጂ ጅረት አልሆነም። ወደ ታች ቀጠልኩ። መሐል ላይ የፕላስቲክ የመኪና ፊልትሮ (ማጣሪያ) ተገጥሟል። ለፓምፕ የተሠራ ወረቀት ነው። ነቀልኩት፤ ፍሰቱ ወፈረ። የፋብሪካው የብረት ቱቦም የለም። በጎማ ቱቦ ተተክቷል፤ ጎማው ከጭስ ማውጫው ብረት አጠገብ ጉብ ብሎ ያልፍና ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። ያቺ ጉብታ የእንፋሎት መጠራቀሚያ ናት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ነው። ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ቤንዚንም እንዲሁ ከቆላው ቀድሞ ይተናል። አረፋው ጉብታው ላይ ከቆመ፣ ፓምፕ የሌለው ቤንዚን ሊገፋው አይችልም። በብረት ቱቦ ተካሁት፤ ከላይ እስከ ታች የትም ቦታ ሽቅብ እንዳይል አድርጌ።

የሰልባትዮው መክፈቻ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ሁለት ዙር ሲከፈት ቤንዚኑ የሚመጣው ከፍ ብላ ከቆመች ቱቦ ነው። ከዚያ በላይ ሲከፈት መጠባበቂያው ይለቀቃል፤ ከወለሉ መሳብ ይጀምራል። ሀጂም ልጃቸውም ሁልጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ነበር የሚከፍቱት። ስለዚህ መጠባበቂያ የሚባል ነገር የላቸውም፤ የወለሉ ዝገትም በሙሉ ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። ከመክፈቻው ሥር ቆሻሻ የምታጠራቅመው የመስታወት ኩባያ ሥሯ ቀይ ቡና መስሎ ነበር። ጅማ ዝናብ አይጠፋም፤ ጎዶሎ ሆኖ የሚያድር ሰልባትዮ ውስጡ ያልበዋል፤ ላቡ ብረቱን ይበላል። ሰልባትዮውን አውርደን በጠጠርና በሳሙና ውሃ አንቀጫቀጭነው፣ ደጋግመን አጠብነው፣ ፀሐይ ላይ አደረቅነው።

ከዚህ በኋላ መፈልፈያው ላይ ዋለ። አልሞተም። ካርቡራተሩን ገና አልነካነውም።

ካርቡራተሩ ሲከፈት

የቀረው ማንጠባጠቡና ጥቁር ጭሱ ነው። እነዚህ የካርቡራተሩ የራሱ ጥፋቶች ናቸው።

ሁለት ብሎን ተፈትቶ ከሞተሩ ወረደ። ላይኛውና ታችኛው አካል በአራት ብሎን ነው የተያያዙት። ብሎኖቹ ከብረቱ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል፤ በካቻቢቴ ከመታገል በፊት ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ይሻላል። አንዱ ራሱ ከተበላ ሥራው ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ይዞራል።

መጀመሪያ ያየሁት ተንሳፋፊውን ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌዋን ይገፋና በሩን ይዘጋል። አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኩት። ውስጡ ቸፍ ቸፍ ይላል። ቤንዚን ጠጥቷል፣ ከብዷል፣ መንሳፈፍ አቅቶታል። በሩ ስላልተዘጋ ቤንዚኑ ይትረፈረፋል፤ ማታ ማንጠባጠቡም፣ ቀን ጥቁር ጭሱም ከዚህ ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት ውሃ አፍልቼ ከእሳቱ ራቅ ካደረግኩ በኋላ ተንሳፋፊውን ነከርኩት። ውስጡ ያለው ቤንዚን ሲሞቅ ወደ እንፋሎት ይቀየራል፤ መውጫ ይፈልጋል። ከነሐሱ መጋጠሚያ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህሉ አረፋዎች በአንድ ረድፍ ተራ በተራ ይወጡ ጀመር። ቦታዋን በጥፍሬ ጭሬ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ አረፋው ጨርሶ እስኪያቆም ድረስ በሙቅ ውሃ ደጋገምኩ። ይሄ ለጥንቃቄ ያህል የሚደረግ አይደለም። ውስጡ ቤንዚን ያለበት ነሐስ ላይ የጋለ ብረት ማስጠጋት ፈንጂ መንካት ነው። ውስጡ ደርቆ፣ ነቅንቄው ድምፅ ሲያጣ ብቻ ስታኞ (የብየዳ ቆርቆሮ) አቅልጬ ደፈንኩት። ስታኞውም ቀጭን መሆን አለበት፤ ከበዛ ተንሳፋፊው እንደገና ይከብዳል።

መርፌዋ ራሷ ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ ሠርታ ነበር። አርጅታለች፤ ሳትቀየር አትሆንም። የዋናው ቤንዚን ማስተካከያ መርፌም እንዲሁ። አንድ ሰው «እስኪጠብቅ» ድረስ አጥብቋት ጫፏን በልቷታል። ይሄ መርፌ በጣት ነው እስኪነካ ድረስ የሚዞረው፤ በጉልበት አይደለም።

ዋናው የነሐስ ጄት፣ ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፈው፣ ላይ የባሰ ነገር አገኘሁ። በሰፊ ካቻቢቴ አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳቀና ቀዳዳው ክብ አይደለም። ጠርዙ ላይ ጭረት አለ። በብረት ሽቦ ተጎርጉሯል። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ይበላዋል። በፋብሪካ የተለካ ቀዳዳ አንዴ ከሰፋ ወደ ቦታው አይመለስም። እኔ የምጠቀመው ከመብራት ገመድ የተመዘዘች አንዲት ክር መዳብ ናት። እሷም ካልሠራች ላምባ ውስጥ ዘፍዝፎ በጎሚስታው ኮምፕሬሰር መንፋት። በአንዱ ቀዳዳ ሲነፉ በየትኛው እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል፤ «ነፋሁት» ማለት ብቻ አይበቃም።

ጓርኒሲዮን (በሁለቱ አካላት መሐል የሚገባ ማሸጊያ)፣ መርፌዎችና ጄት ያለበት ጥቅል አሜሪካ ካለ የሀጂ ዘመድ በሻንጣ መጣ። ለእነዚህ ትራክተሮች ዕቃው እዚያ ዛሬም ይሠራል። ጥቅሉ ውስጥ ያልነበረው የዘንጉ ቡሽ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ነው። ነዳጅ ስንሰጥ የምትከፈተዋን ክብ ሳህን የሚሸከመው ዘንግ ከቀዳዳው ጋር ተፋጭቶ ይወዛወዝ ነበር። በዚያ ክፍተት ያልተለካ አየር ይገባል፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በትንሹ ዙር ሲሠራ፣ ዙሩ አይረጋም። ይህን ከመፍታቴ በፊት በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ወፍራም ዘይት ቀብቼ አይቼው ነበር። ዘይቱ ክፍተቱን እስከያዘ ድረስ ሞተሩ ረጋ። ማስረጃ ከዚህ በላይ የለም። ቶርኖ ቤት የነሐስ ቡሽ አሠራንለት።

ሲገጠም ሁለት ቦታ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። አንደኛ፣ ከጄቱ ሥር ያለችው ትንሽ ማሸጊያ። አሮጌዋ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ወለል ላይ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ብረት ትመስላለች። ሳትወጣ አዲስ ከተደረበባት ጄቱ ቦታውን አይዝም። ሁለተኛ፣ የተንሳፋፊው ከፍታ። ላይኛው አካል ተገልብጦ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀምጦ፣ ከጓርኒሲዮኑ እስከ ተንሳፋፊው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መለኪያ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ የ6.5 ድሪል ፑንታ ጀርባዋን ማስገባት ነው። ሁለቱም ወገን እኩል መሆኑንም ማየት። አዲስ መርፌ ከአሮጌዋ በቁመት ትለያለች፤ «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ መተው አይሠራም።

ሞተሩ ላይ ከመመለሱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ከፍ ካለ ጠርሙስ ቤንዚን ለቀቅኩበትና ሌላ ሥራ ስሠራ ዋልኩ። አላንጠባጠበም።

ማስተካከሉ

የተለመደው መነሻ ዋናውን መርፌ እስኪነካ ዘግቶ አንድ ዙር ተኩል መክፈት ነው። የሚኒሞውን ደግሞ አንድ ዙር። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት አለ። በዚህ ካርቡራተር የሚኒሞዋ ብሎን የምትቆጣጠረው አየር ነው። ስትዘጋ ቤንዚን ይበዛል፤ ስትከፈት ይሳሳል። በመኪና የለመደ እጅ ተቃራኒውን ያደርግና ሰዓቱን ይፈጃል።

ዋናው መርፌ ባዶ ሞተር ላይ አይስተካከልም፤ ጭነት ላይ ነው። መፈልፈያው በቆሎ እየበላ፣ ጉልበት ማጣት እስኪጀምር ቀስ እያሉ መዝጋት፤ ከዚያ እስኪለሰልስ መመለስ። በአንድ ዙር ተኩል የሀጂ ትራክተር ትንሽ ጥቁር ያጨስ ነበር፣ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሷል። ይሄ የካርቡራተሩ በሽታ አይደለም። ጅማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። መርፌዋን ዘግቼ ከአንድ ዙር እምብዛም ወደማያልፍ መክፈቻ ስመልሳት ጭሱ ጠፋ፤ የካንዴላው ጫፍም ቡናማ ሆነ። ሞተሩ እዚህ ከፍታ ላይ በመጽሐፉ የተጻፈውን ጉልበት እንደማይሰጥም ለሀጂ ነገርኳቸው። «እኔስ ብሆን» አሉ።

አንድ ነገር ቀረ። ዙሩ ከፍ ሲል ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ተለማማጅ ቢሆን ወዲያው «ካርቡራተሩ ነው» ይል ነበር። ይህ ትራክተር ግን ዙሩን የሚጠብቅ ጋቨርነር አለው፤ በዘንግ ከካርቡራተሩ ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ ማገናኛ ዘንግ ቁመት ቀድሞ በተበላው የሳህኗ ዘንግ ልክ ተስተካክሎ ኖሯል። አሁን ቡሹ አዲስ ነው። ቁመቱን አስተካክዬ፣ የእጅ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ሳህኗ ሙሉ በሙሉ እንድትከፈት፣ ማገናኛ ዘንጉም ሳይወጠር እንዲገባ አደረግኩ። ረጋ።

ስለ ቤንዚኑ ሀጂን አንድ ነገር ብቻ አስቸገርኳቸው። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛሉ። ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። አሁን ልጃቸው ሲገዛ ወረቀት ይዞ ነው የሚሄደው። ሻጮቹ አልወደዱትም።

የሰልባትዮው መክፈቻ ራሱ ሲዘጋ አሁንም ትንሽ ያልበዋል፤ ማሸጊያው አርጅቷል። አዲሱ ከዚያው ዘመድ ጋር ይመጣል ተብሏል። እስከዚያው ማታ ማታ ልጁ ከሥሩ ጣሳ ያኖራል፤ ጠዋት ደግሞ ሁለት ዙር ብቻ ይከፍታል።